እትዬ ማሬና የአድማሱ ጉድጓድ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ወጣት ከዳንግላ በባጃጅ መጥቶ ግቢያችን በር ላይ ወረደ። በእጁ የያዘውን ሣጥን ሳይ ደነገጥሁ። አረንጓዴ ሣጥን ነው፤ አንደኛው ማጠፊያው ተሰብሮ በሰማያዊ ጨርቅ ታስሯል። ጨርቁን ከአሮጌ ቀሚሴ ቀድጄ ያሰርሁት እኔ ነኝ።

«እትዬ ማሬስ?» አልሁት።

እኔ እንግዳ ሰው ቀድሜ አናግሬ አላውቅም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ነው የምገባው። ያን ቀን ግን ሰላምታውን እንኳ ሳልመልስለት ጠየቅሁት።

ልጁ ሣጥኑን መሬት አስቀምጦ ኮፍያውን አወለቀ። «አልሰማችሁም እንዴ? ከፋሲካ በኋላ አረፈች እኮ። እንጅባራ ታማ ተኝታ ነበር። መንገዱ ዝግ፣ ኔትወርኩም የለም፣ ብዙ ሰው ሳይሰማ ተቀበረች። እሷ ትዞርበት የነበረውን አገር ለእኔ ሰጡኝ።»

የባሌ አባት መደብ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። አገሩ አያ ፈንቴ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። «ማን ሞተ አልህ?» አሉ። ልጁ ደግሞ ነገራቸው። ገመዱን አስቀመጡና ተነሥተው ወጡ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ደጅ ላይ ብዙ ቆሙ። ያን ቀን እራትም አልበሉ። ሁለቱ እንዴት እንደተዋወቁ የማያውቅ ሰው ወዳጇ የነበሩ ይመስለዋል።

እኔ ታንጉት ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም፤ ስለ ሰውም ጽፌ አላውቅም። ነገር ግን ሣጥኑ እጅ ሲለውጥ ሳይ፣ የያዘችው ሴት እንዲሁ እንዳትቀር ፈለግሁ።

እትዬ ማሬ መጀመሪያ የመጣችብን ክረምቱ በከበደበት ሰሞን ነው። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የወንድ ቦት ጫማ ያጠለቀች፣ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አመሳቅላ ያሰረች ሴት ናት። ሥራዋ በየገጠሩ እየዞሩ የጉድጓድ ውሃ መመርመር ነው። ከእኛ በፊት በጥሊሊ በኩልና በዘንገና ዙሪያ ስትዞር ከርማለች። እኔ «እርስዎ» ስላት ፊቷን አጨማደደችና «አንቺ በይኝ፤ ፀጉሬ እንጂ እኔ አላረጀሁም» አለችኝ።

ከዚያ በፊት የመጡ የመንግሥት ሰዎች የጉድጓዱን ጥልቀት ነበር የሚጠይቁን። እሷ ገና ከበር እንደገባች «የቤቱ ትንሽ ልጅ የት አለ?» አለች። ቢተውን አመጣሁላት። ያኔ ገና መዳህ ጀምሯል። ከእሱ በፊት የወለድሁት በጡት ሳለ ስለሞተብኝ ነው ስሙን ቢተው ያሉት፤ ሞት ቢተወው ብለው። እትዬ ማሬ ተቀብላ ዓይኑን አየች፣ ሆዱን ዳሰሰች።

«ያስቀምጠዋል?»

አንገቴን ደፍቼ «አልፎ አልፎ» አልኋት። «ጥርስ ሊያወጣ ነው ይላሉ።»

«ያኛውስ? የሞተውስ? እሱም ጥርስ ሊያወጣ ነበር?»

ጠይቃ ስታበቃ እንደ ሌላው ሰው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አላለችም። ልጁን መለሰችልኝና «ጉድጓዱን አሳዩኝ» አለች።

ጉድጓዱ የአድማሱ ነው የሚባለው። አድማሱ የባሌ ታላቅ ወንድም ነበር፤ ለሥራ ቆላ ወርዶ ሬሳው መጣ። አባባ ለነፍሱ ብለው ግቢያቸው ውስጥ ይህን ጉድጓድ አስቆፈሩ። አፉ ላይ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በሚስማር ስሙን ጻፉበት። በጋ አይደርቅም። መንደሩ በሙሉ ከዚያ ነው የሚቀዳው፤ ማንም ምንም አይከፍልም፤ የቀዳ ሁሉ ግን «ነፍስ ይማር» ብሎ ይሄዳል። አባባ መደብ ላይ ተቀምጠው ያን ሲሰሙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አማቴ ካረፉ ወዲህ ሌላ የሚያስደስታቸው ነገር አላየሁም።

እትዬ ማሬ ስሙን አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ግቢውን አየች፤ ከጉድጓዱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዳገቱ ላይ፣ በቆርቆሮ የተሠራው ሽንት ቤታችን ቆሟል። እሱን አይታ የጎረቤቱን አየች፤ ከዚያም የሚቀጥለውን። የሁሉም ከላይ ነው።

«ለምንድን ነው ሁላችሁም ወደ ላይ የቆፈራችሁት?» አለች።

አባባ እንደ ሞኝ አዩዋት። «ታዲያ ወዴት ይቆፈር? ወደ ታች ሚካኤል አለ አይደለም?»

የእኛ ሚካኤል እንደ ሌላው አገር ጉብታ ላይ አይደለም። ከመንደሩ በታች፣ በትልልቅ ዛፎች መካከል ነው። ሽንት ቤት ያልቆፈረ ይቀጣል በተባለ ጊዜ ሰው ሁሉ ቆፈረ፤ ታቦት ፊት ለፊት የሚቆፍር ግን አልተገኘም። ሁሉም ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ከላይ ቆፈረ። የውሃ ጉድጓዶቹም ውሃ በሚቀርብበት፣ ከቤቶቹ ታች ናቸው።

እትዬ ማሬ አረንጓዴ ሣጥኗን ከፈተች። በእሳት ለብልባ ያጸዳችውን ትንሽ ጠርሙስ በገመድ አውርዳ ውሃ ቀዳች፣ በስስ ወረቀት አጣራችው፣ ወረቀቱን ክዳን ባላቸው የመዳፍ ሩብ በማያክሉ ሰሃኖች ላይ አስቀመጠች። የጎረቤቶቹንም እንዲሁ አደረገች። ሰሃኖቹ በባትሪ በሚሞቀው ሣጥን ውስጥ ማደር አለባቸው፤ ጀርም ካለ በሙቀት ያድግና ይታያል። ይህን ሁሉ እየሠራች ነው የምታስረዳኝ። እኔን ማስረዳት የለመደ ሰው ስለሌለ አንገቴን እንኳ መነቅነቅ አፈርሁ።

ከሰዓት በኋላ ልትመለስ ስትል መንገዱ ተዘጋ የሚል ወሬ መጣ። ያኔ መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል፤ መቼ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባጃጁም ሳይመጣ ቀረ። መብራት የለንም፤ የሣጥኑ ባትሪም አለቀ።

እትዬ ማሬ ሣጥኑን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ከዚያ ሰሃኖቹን አውጥታ በነጠላዋ ጠቀለለችና ከቀሚሷ ሥር ከሆዷ ጋር አሰረቻቸው። «የሰው ገላ ይበቃቸዋል» አለች። «ብቻ መገልበጥ አልችልም። ዛሬ እንደ አራስ በጀርባዬ ነው የምተኛው።»

ነገሩ ወዲያው መንደሩን አዳረሰው። ሴቶች ውሃ ሊቀዱ እየመጡ በበሩ ያጮልቃሉ። «እንቁላሉ መቼ ይፈለፈላል?» ይሏታል። እሷም «ጫጩቱ የማን እንደሆነ ሲታወቅ አትስቁም» ትላለች። አባባ ብቻ አልሳቁም። «ዶሮ ነው እንዴ የላኩብን?» ብለው ገብተው ተኙ።

በነጋታው ቢተው ባሰበት። ተቅማጡ አላቋርጥ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ማስታወክ ጀመረ። ጤና ጣቢያው ከተዘጋው መንገድ ማዶ ነው፤ ባሌም ለሥራ ወጥቶ እዚያው ማዶ ቀርቷል። እትዬ ማሬ የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨማዶ ቆየ። ፊቷ ተለወጠ።

«ውሃ አፍይ። አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ ስኳርና ትንሽ ጨው ጨምረሽበት በማንኪያ ትሰጪዋለሽ። ቢያስመልስም ትሰጪዋለሽ። ሳታፈይ ግን ጠብታ እንዳትሰጪው።»

አባባ ከበር ሰሙ። «የምን ማፍላት ነው? የልጄን ውሃ ነው የምታፈሉት?»

«አያ ፈንቴ፣ ይምጡ ይዩ» አለች። ሰሃኖቹን ከሆዷ ፈትታ ክዳኑን ከፈተች። የእኛዋ ሰሃን ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ሞልቷል፤ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ተበትኖበታል። «አንዲትም መኖር የለባትም። ይህ ከሰው ሆድ የወጣ ነው። ከላይ ካለው ሽንት ቤት በመሬት ውስጥ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጉድጓዱ ለጊዜው መዘጋት አለበት።»

አባባ ሰሃኗን አላዩም። እሷን ነው ያዩት። «አንቺ ሴት፣ በሆድሽ አሳድረሽ ያመጣሽውን ቆሻሻ በልጄ ውሃ ታላክኪያለሽ?»

እኔ ጓዳ ገብቼ እሳቱን አቀጣጠልሁ። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ጭሱ ዓይኔን አጠፋው። ልጄን በጀርባዬ አዝዬ፣ ውሃው ይፈላ ይሆን፣ አባባ መጥተው ድስቱን ይደፉት ይሆን እያልሁ ነበር። አልመጡም። ውጭ ቆመው ለሚቀዳ ሰው ሁሉ «ቅዱ! ቅዱ! ምንም የለበትም!» ይላሉ። ሰውም ይቀዳል። አንዳንዱማ ያለወትሮው ጀሪካን ጨምሮ መጣ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ። እትዬ ማሬ እንድትናገር ተፈቀደላት። እኔ ቢተውን ይዤ ከሴቶቹ ኋላ ተቀመጥሁ። ያችን ቢጫ የሞላች ሰሃን በእጅ በእጅ አዞረቻት፤ ሽማግሌዎቹ በሩቁ አይተው ለቀጣዩ ሰጡ።

አባባ ተነሡና በአገውኛ ተናገሩ። ለእሷ እንዳይገባት ነው። ይህች ሴት የራሷ ልጅ ስለሌላት በሰው ልጅ ትቀናለች፤ እሷ ግቢዬን ከረገጠች ወዲህ ነው ልጁ የባሰበት፤ ሣጥኗን ይዛ በእግሯም ቢሆን ትሂድልን አሉ። አንዳንዶቹ «እውነት ነው» አሉ። እኔ መሬቱን አየሁ።

እትዬ ማሬ አልተቆጣችም። በአማርኛ ነው የመለሰችው።

«እናቴ የአዘና ሴት ናት አያ ፈንቴ፤ በአገውኛ ስትሰድበኝ ነው ያደግሁት። ልጅስ አለኝ፤ ሁለት ናቸው። ቅናቱን ግን አልተሳሳቱም። በእናንተ ውሃ እቀናለሁ። ደጃችሁ ላይ ነው፣ ብዙ ነው፣ በጋ አይደርቅም። እንዲህ ያለ ውሃ ይዛችሁ ልጅ መቅበራችሁ ነው የገረመኝ።»

መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ፤ አገውኛውን ስላወቀችባቸው። ልጅ መቅበር ያለችው ሲገባቸው ግን እርስ በርስ ተያዩ። እሷ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «በዚህ ክረምት ልጅ ያስቀመጣት ማናት?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ባሎቻቸው ፊት ናቸው፤ አባባም ቆመዋል። ቢተው በእጄ ላይ ዝሏል። «የእኔ» አልሁ። ድምፄ የወጣልኝ አልመሰለኝም ነበር፤ ሁሉም ግን ዞረው አዩኝ። ከዚያ ከፊቴ አንዲት ሴት «የእኔም» አለች። ከዚያ ሌላ።

ቄስ ባይህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እሳቸው የሚካኤል አስተዳዳሪ ናቸው። «ከላይ ያለው ወደ ታች መውረዱን በምን እናውቃለን?» አሉ።

«በጨው» አለች እትዬ ማሬ። «አያ ፈንቴ ለከብቶቻቸው የገዙት ጨው አለ። በውሃ በጥብጠን ሽንት ቤቱ ውስጥ እንድፋው። የጉድጓዱ ውሃ ጨው ጨው ካለ እኔ እውነቴን ነው። ካላለ ሣጥኔን ተሸክሜ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«ከብቴ ያልላሰውን ጨው ሽንት ቤት!» አሉ አባባ። ሽማግሌዎቹ ግን ፈረዱባቸው።

ቄስ ባይህ ጨመሩበት፤ «ነገሩ እውነት ከሆነ ወደ ታች መቆፈር ይቻላል። በአጥር ጋርዳችሁ፣ በሩን ወደ ዳገቱ አዙራችሁ። የእኔም ከላይ ነው ያለው፤ እኔም ላስብበት ነው።»

«ለእርስዎ ቢፈቀድ ለእኔ አይፈቀድም» አሉ አባባ። «በሕይወቴ ታቦት ፊት ጉድጓድ አልቆፍርም።»

ጨዉ ተደፋ። ከብቶቹ በረት ውስጥ ሆነው ሽታው ገብቷቸው ይጮሁ ነበር። ዝናቡ ቀንና ሌሊት አላቋረጠም። እትዬ ማሬ በጠዋትና በማታ ከጉድጓዱ እየቀዳች ጨዉን በቁጥር በሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ትለካለች። እኔ እሷን ሳይሆን ቢተውን ነው የምጠብቀው። በማንኪያ እሰጠዋለሁ፣ ይተፋዋል፣ እንደገና እሰጠዋለሁ። እሷ መጥታ ትቀበለኝና «ሂጂ ጋደም በይ» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ስነቃ ልጁን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ፣ ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ ደግፋ፣ «ዋጥ፣ ዋጥ፣ አንተ እልኸኛ፣ የአያትህ ልጅ» እያለች አየኋት። ስነቃ እንዳየኋት አላወቀችም። ያን ሁሉ ሽማግሌ ፊት ያልለመነችው ሴት አንድ ሕፃን ትለምናለች።

ከዚያ መለኪያው ቁጥሩን መጨመር ጀመረ። ለአባባ አሳየቻቸው።

«ማሽኑ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ።»

«እንግዲህ የባለቤቱን ነው የሚናገረው።»

የሰው ምላስ ደግሞ ገና አልለየውም። አንዳንዱ ቀምሶ ጨው አለ ይላል፣ አንዳንዱ የለም ይላል፤ አባባ ራሳቸው አልቀምስም ብለዋል። እትዬ ማሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ተጋብታ አየኋት። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቦት ጫማዋን በእንጨት ትፍቃለች፤ ጭቃው ካለቀም በኋላ ትፍቃለች። «የማያምን ሰው ውሃውን ክዳን ብከድንበት ነቅሎ ይጠጣል» አለችኝ። «እኔ ስሄድ ለቢተው ማን ያፈላለታል? አንቺ ነሽ አያ ፈንቴን የምትከለክያቸው?» እኔ እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ከጉድጓዱ ቀድቼ ለከብቶቹ ገንዳ ላይ ገለበጥሁ። አባባ አሮጊቷን ላም እየነዱ መጡ። ላሟ አፏን ነከረች፣ ጠጣች። ጠጥታ ስትጨርስ ግን አልሄደችም። የገንዳውን ወለል ትልስ ጀመር። ከገንዳው የፈሰሰበትን ድንጋይ ላሰች። እርጥቡን ገመድ ላሰች። ሌሎቹም ደርሰው እየተጋፉ ይልሱ ገቡ፤ አባባ በዱላ ቢመልሷቸው አልመለስ አሉ። ላሟ ውሃ የነካውን የአባባን እጅ በሻካራ ምላሷ ትልሰው ጀመር።

አባባ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለከብት ጨው የሰጡ ሰው ናቸው። ከብት ጨው ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን የሚነግራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።

እጃቸውን ከላሟ ነጠቁ። ገንዳው ጥግ የቀረች ውሃ ነበረች፤ ጣታቸውን ነከሩባትና ወደ አፋቸው ወሰዱ። ከንፈራቸው ጋ ሲደርስ ጣታቸው ቆመ። ቀና ብለው ከላይ ያለውን የቆርቆሮ ቤት አዩ። ከዚያ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉት፤ ደጋግመው ጠረጉት።

እትዬ ማሬ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። ሌላ ሰው ቢሆን «አላልሁም?» ይል ነበር። እሷ ዓይኗን መለሰችና ቢተው ወዳለበት ገባች፤ ሰው ሲለብስ እንዳየ ሰው ነው ፊቷን ያዞረችው።

አባባ ተከትለዋት ገቡ። ድምፃቸው የሚሰማው በጭንቅ ነው። «እንግዲህ የመጀመሪያውንም ልጅ፣ ይህንንም… አድማሱ ነው የምትይኝ? ለነፍሱ ያስቆፈርሁት ውሃ ነው የልጆቼን ልጆች…»

«አይደለም» አለች ቶሎ ብላ። «አድማሱ ምን አደረገ? ውሃው ንጹሕ ሆኖ ነው ከመሬት የሚወጣው። ከላይ እየወረደ ያገኘው የእኛ ቆሻሻ ነው። የእኛን ካነሣንለት ራሱን ያጠራል። የሚነሣው ሽንት ቤቱ ነው፤ የአድማሱ ጉድጓድ ይኖራል።»

ተነሥተው ወጡ። ገመዱን ከጉድጓዱ ፈቱ፣ አፉ ላይ ሳንቃ ጣሉበት፣ ሳንቃው ላይ ድንጋይ ጫኑበት። ሊቀዱ የመጡት ሴቶች ጀሪካናቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አባባ አላናገሯቸውም። የእኔን ጀሪካን አንሥተው በትከሻቸው አድርገው ወደ ምንጩ መንገድ ያዙ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ወንድ ውሃ ሲቀዳ ታይቶ አይታወቅም። ምንጩ ደግሞ ሩቅ ነው፤ አቀበቱም ጭቃ ነው። እኔ ልጄን ጥዬ መሄድ እንደማልችል አውቀው ነው የሄዱት። ሲመለሱ ልጃገረዶች አፋቸውን ይዘው ከአጥር ሥር ተደብቀዋል። አንዲቱ ባልቴት ግን አልቻለችም፤ «አያ ፈንቴ! ማሰሮ አላማረዎትም?» አለቻቸው።

«ቀልጂ» አሉ እያለከለኩ።

ጀሪካኑን ከእትዬ ማሬ እግር ሥር አስቀመጡት። «ይኸው። ሴት አደረግሽኝ።»

«ገና ነው» አለች። «ማፍላት አለብዎት።»

እውነቷን ነበር። እኔ ልነሣ ስል በዓይኗ አስቀመጠችኝ። አባባ ጓዳ ገቡ፤ በዚያ ቤት ስኖር ጓዳ ሲገቡ ያየሁት ያኔ ነው። ምድጃው ፊት ቁጢጥ ብለው ድስቱን ያያሉ። «ፈላ?» ይላሉ። «ገና» ትላለች። «ይኸው ጢስ አወጣ።» «ጢስ አይደለም፤ እንፋሎት ነው። ሲንፈቀፈቅ ነው።» ሲንፈቀፈቅ ልጅ የተወለደላቸው ይመስል ጮኹ።

ሲቀዘቅዝ እሷ ስኳርና ጨዉን ጨመረች፤ ማንኪያውን ግን ለእሳቸው ሰጠች። ቢተውን ጋቢያቸው ላይ አስተኝተው አጠጡት። አልተፋውም። ሌላ ማንኪያ። አልተፋውም። ሦስታችንም ጉሮሮውን ነው የምናየው። አንድ ኩባያ እስኪያልቅ እንዲህ ቀጠሉ። ከዚያ አባባ ድንገት ደንገጥ አሉና ጉልበታቸውን ቀና አደረጉ። ጋቢያቸው ረጥቧል።

«ሸናብኝ» አሉ።

እትዬ ማሬ ማንኪያውን ጣለችው። «ሸና?» ጋቢውን በእጇ ዳሰሰች፤ ጭምቅ አድርጋ ይዛው ቀረች። «ከትናንት ወዲህ አልሸናም ነበር እኮ! ታንጉት፣ ሸና! ውሃው ገላው ውስጥ ቀረለት ማለት ነው!» ያን ጊዜ ነው ስታለቅስ ያየኋት። እኔም አለቀስሁ።

አባባ ጋቢያቸውን አልለወጡም። እርጥቡ ላይ ልጁን እንደያዙ ተቀመጡ። እሷን ሳያዩ ጠየቋት።

«ወዴት ልቆፍር?»

እስከዚያች ሰዓት እሷን አንድም ምክር ጠይቀዋት አያውቁም።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወጥተው ግቢው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። እትዬ ማሬ እጇን ዘርግታ ከጉድጓዱ ራቅ ያለውን፣ ቁልቁል ወደ ሚካኤል ዛፎች የሚያየውን ጥግ አሳየቻቸው። አባባ አማተቡ። ጥጉን ብዙ አዩት፤ ዛፎቹን ብዙ አዩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

በዚያው መሐል ከመንገዱ በኩል የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ። መንገዱ ተከፍቶ ነው። ሾፌሩ «ሴትዮዋ የታለች? ቶሎ፣ እንደገና ሳይዘጋ!» እያለ ይጣራል። ልጆቿ ከተማ ናቸው፤ ወሬያቸውን ሳትሰማ ነው የሰነበተችው። ሣጥኗን አነሣች፤ ማጠፊያው የተሰበረው ያኔ ነው፤ ከእጇ ወድቆባት። እኔ ሮጬ ጨርቅ ቀድጄ አሰርሁላት።

አባባ በዚያ ጊዜ ዶማቸውን ይዘው ቁልቁል ወርደዋል። የመጀመሪያውን ዶማ ሲያሳርፉ ድምፁ ተሰማን፤ ከዚያ ቆመ። ቀና ብለን አየን። ዶማውን ተደግፈው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እያዩ ቆመዋል። ሁለተኛውን ማሳረፍ አቅቷቸዋል።

እትዬ ማሬ ሣጥኑን አስቀመጠችው።

«ማጭድ አለሽ?» አለችኝ።

ሰጠኋት። ቀሚሷን ሰብስባ በዚያ በቦት ጫማዋ ጭቃውን እየረገጠች ወረደች። ከአጥሩ ጥግ ያለውን ቀርቀሃ መቁረጥ ጀመረች። እየቆረጠች በአባባና በሚካኤል መካከል አንድ በአንድ ትተክለዋለች፤ ጭቃው ውስጥ በእግሯ ትጠቀጥቀዋለች። ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። እሷ ቀና አላለችም። ቀርቀሃው ከቀኛቸው ተነሥቶ ፊታቸው ደረሰ፣ ወደ ግራቸው አለፈ። ዛፎቹ ከዓይናቸው ሲሰወሩ አባባ ዶማውን አነሡ።